የድምፅ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ኦርጋን ላይ የተቀመጠ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው የተዘጋጁትን ድምፆች እያገላበጠ መስማት ነው። የክበባችን አባላት ዘንድሮ ይህን ትተው ድምፁን ከባዶ ሠሩ። መሣሪያችን አንድ ኦርጋን፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ማሽኖችና ሰርጅ የሚባለው ነፃ የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥር መሣሪያ) ሶፍትዌር ነበሩ። የአራት ኪሎ ጥሩምባ በመስኮት ስለሚገባ አብዛኛውን የሠራነው በሄድፎን ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በክራር አለቀ ማለት ይቻላል። ክራርን የመረጥነው የሁሉም ጆሮ ስለሚያውቀው ነው፤ ትንሽ ሲዛባ ማንም ይነቃበታል። ሲንተሳይዘር ላይ ድምፅ እንዴት ተነስቶ እንዴት እንደሚጠፋ የሚወስኑት አራት ናቸው፦ አታክ (ድምፁ እስኪነሳ የሚፈጀው ጊዜ)፣ ዲኬይ (ከጫፉ የሚወርድበት ጊዜ)፣ ሰስቴይን (ቁልፉ እስከተያዘ የሚቆይበት ኃይል) እና ሪሊዝ (ቁልፉ ሲለቀቅ የሚጠፋበት ጊዜ)። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አታኩን ወደ መጨረሻው አሳጠረች፤ ሰስቴይኑን ዜሮ አደረገች። ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ድምፁ እየሞተ ሄደ። ጎኗ የነበረው ልጅ «አሁን ተመታ!» አለ። እውነትም፣ ክር አንዴ ከተመታ በኋላ ኃይል የሚጨምርለት የለም። ቀጥላ ፊልተሩ (ቀጫጭን ድምፆችን የሚቆርጠው ክፍል) ከድምፁ ጋር እየተዘጋ እንዲሄድ አደረገች፤ ክር ሲመታ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ፣ ወፍራሙ ይቆያልና። ያኔ ክራር ክራር አለ።

ማሲንቆ ግን አስቸገረን። እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣው የሚወርደው ሞገድ ለጭራው ፍትጊያ ቅርብ ነው፤ የቀረው የእጁ ነገር ነው። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው መንሸራተቱ፣ የድምፁ መርገብገብ (ቪብራቶ) ድምፁ ከተነሳ በኋላ ዘግየት ብሎ መግባቱ። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ይሠራል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ለበገናው ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄድን። ያንን ዝዝዝታ የሚያመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው ነው። ልጆቹ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ማዛቢያ) ጨምረው ሞከሩ። የእኛ በገና ገና በገና አልሆነም፤ ለከርሞ ይቀጥላል። ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በፈረንጆቹ 1983 የወጣውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር በሚመስለው ዴክስድ በተባለው ሶፍትዌር የጸናጽል ድምፅ አወጡ። ፊልተር የሌለው መሣሪያ የብረት ድምፅ ላይ እንዲህ መበርታቱ ያስደስታል።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ሥራ ቅኝቱ ነው። ኦርጋን ኦክታቩን (ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ያለውን ርቀት) ለ12 እኩል ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት (የኖታ ርቀት መለኪያ)። የክራር ተጫዋች የሚቃኘው ግን በጆሮው ነው፤ ከእነዚያ ደረጃዎች ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ልጆቹ በትዝታ የተቃኘ ክራር ቀድተው እያንዳንዱን ክር በቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ለኩ፣ ልዩነቱንም ሰርጅ ውስጥ አስገቡ። ያው ድምፅ፣ ያው ዜማ፣ ቅኝቱ ብቻ ሲቀየር ክፍሉ ጸጥ አለ። ኦርጋን የሚማር የእኛ አገር ልጅ ይህን አለመስማቱ ይቆጨኛል። ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለመጪው ዓመት ማዞሪያ ያለው፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ ያስፈልገናል፤ በማውስ ፊልተር ማዞር እጅ አያስለምድም። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም። የተሠሩት ድምፆች በኮምፒውተር ክፍሉ በክበቡ ፎልደር ውስጥ አሉ። ከፍታችሁ ነካኩ፤ የቀየራችሁትን ግን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት።