የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ያለ ማይክ መቅዳት

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ዜና፣ በዕረፍት ሰዓት ግጥም፣ ጥያቄና መልስ፣ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያ። ዘንድሮም ይህ ሁሉ ተሠርቷል። የአድዋ ዝግጅታችንም ደመቅ ብሎ አልፏል። እሱን ሁላችሁም ስለሰማችሁት አልደግመውም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ፣ ማንም ሳያየን ስለሠራነው ነው።

ነገሩ የተጀመረው የእንግሊዝኛ መምህራን ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል የማዳመጥ ልምምድ የሚሆን ድምፅ እንድንቀዳላቸው ሲጠይቁን ነው። ድምፁ የሚከፈተው ኮምፒውተር ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ያለን ግን በፍላሽ የሚሠራ ስፒከር ብቻ። ልጆቹ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ስልካቸውን የኮምፒውተሩ ስፒከር ፊት አስቀምጠው ቀዱ። የከተማችን የመሐል ሜዳ ነፋስ ደግሞ ለማንም አያዝንም። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ደጅ ኳስ ይጠለዛል፣ አንዱ በሩን በርግዶ “መምህር አለ?” ይላል። ሁሉም ቅጂው ውስጥ ገባ። እንግሊዛዊው ስለ ባቡር ሰዓት ሲያወራ ከኋላው የመንዝ ነፋስ ያፏጫል። በሳቅ ሞትን፤ ለፈተና ግን አይሆንም።

ዋናው ትምህርት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ እያለ ቁጥር ነው። ሳውንድ ካርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የድምፅ ክፍል፣ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ስፒከሩ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ወደ አየር ንዝረት። ማይኩ ያንኑ ንዝረት ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ቁጥር ያደርገዋል። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለመግባት በደሴ እንደ መዞር ነው። ድምፁን ወደ አየር ሳይወጣ፣ ገና ቁጥር እያለ መያዝ ከተቻለ ነፋሱም በሩም አይደርሱበትም።

መጀመሪያ የሞከርነው ኮምፒውተሩ የሚያሰማውን ከውስጥ የሚያስቀዳውን፣ ስቴሪዮ ሚክስ የሚባለውን ነው። በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ሪከርዲንግ የሚለውን ትከፍታላችሁ። ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የተዘጉት መሣሪያዎች እንዲታዩ ታዛላችሁ። ስቴሪዮ ሚክስ ብቅ ካለ ኢነብል ብሎ ማስጀመር ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ዴስክቶፖች ላይ ብቅ አለ። በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ግን ብንፈልግ ብናስፈልግ የለም። ጉዳዩ የሳውንድ ካርዱና እሱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የድራይቨሩ፣ ነው፤ አምራቹ ካላካተተው አይገኝም። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ይወገዱልን ሲሉ የነበሩ ልጆች ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብለዋል።

ላፕቶፑን ያዳነው ኦዳሲቲ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ነው። ሲከፈት የድምፅ መቀበያ መንገዱ ብዙ ጊዜ ኤምኤምኢ በሚባለው የዊንዶውስ የቆየ መንገድ ላይ ነው። እሱን ዊንዶውስ ዋሳፒ ወደሚባለው ሌላ መንገድ መቀየር፣ ቀጥሎ ከመቅጃዎቹ ዝርዝር ውስጥ የስፒከሩ ስም ያለበትንና ሉፕባክ (የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ማስገባት) የሚል የተጨመረበትን መምረጥ፣ ስቴሪዮ ማድረግ፣ ቀዩን ቁልፍ መጫን። ዋሳፒ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ስላለ ቤታችሁ ባለው ኮምፒውተርም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ አላመነችም። “ማይኩን ብነቅለውስ?” አለችኝ። ንቀይው አልኳት። ነቀለችው። የድምፅ መለኪያዋ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀድሞዋ ትዘላለች። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ ከጎን ክፍል የሚያስተምሩት መምህር መጥተው ገሠጹን።

ሉፕባክ ግን የራሱ ጠባይ አለው። አንዲት የእንግሊዝኛ መምህር ተማሪዎቹ መልስ የሚጽፉበት ጊዜ እንዲኖር በጥያቄዎቹ መካከል ድምፁን እያቆሙ አስቀዱ። ቅጂውን ስንከፍተው የመልስ ጊዜው የለም፤ ጥያቄው በጥያቄ ላይ ይደራረባል። ምክንያቱን ፈልገን አገኘነው። ኮምፒውተሩ ምንም ድምፅ በማያጫውትበት ሰዓት በእኛ ኦዳሲቲ ላይ ቀረጻውም አብሮ ይቆማል። መፍትሔው ባዶ ድምፅ የያዘ ሌላ ትራክ አብሮ ማጫወት ነው። እኛ ግን ከተቀዳ በኋላ በኦዳሲቲው ጄነሬት በሚለው ዝርዝር በኩል ጸጥታ ማስገባቱን መረጥን። የመልስ ጊዜውን በሰከንድ ልክ መወሰን ያስችላል፤ መምህሯም እሱን ወደውታል።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስለ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ላዘጋጀው ፕሮግራም የጭላዳ ዝንጀሮ ድምፅ ፈልጎ ነበር። ልጆቹ በአዲሱ ዕውቀታቸው ቪዲዮውን ከፍተው ሊቀዱ ተሰለፉ። አስቆምኳቸው። ቪዲዮው ፍላሻቸው ላይ አለ! ፋይሉ እጅ ላይ ካለ መቅዳት ለምን? ኦዳሲቲ ኤፍኤፍምፔግ የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ከተጫነለት ድምፁን በቀጥታ ከቪዲዮው አውጥቶ ይሰጣል፤ ጥራቱም አይቀንስም፣ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅም የለም። ከውስጥ መቅዳት ፋይሉ በሌለበት ጊዜ የሚያዝ መንገድ ነው። ጭላዳዎቹ በዕረፍት ሰዓት ሲለቀቁ ግቢው ውስጥ ሰው የሚጨቃጨቅ መስሎት ዞር ዞር ያለ ብዙ ነው።

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ያለበት አንድ ኮምፒውተራችን ላይ ሥራው ይበልጥ ቀላል ሆኗል። በመቅጃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ሞኒተር (ስክሪኑ ሳይሆን የሚወጣው ድምፅ መቀበያ) ተብሎ የተጻፈውን መምረጥ ነው፤ አለቀ።

የክበቡ ደንብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከመቅዳት በፊት ቴሌግራም ይዘጋ፤ ከውስጥ ሲቀዳ ኮምፒውተሩ የሚያሰማው ሁሉ ይገባልና። ድምፁ ሲጎላ ጫፉ በድምፅ መለኪያው ላይ ከመጨረሻው ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ በታች 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ይሁን፤ ዜሮን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ኋላም አይጠገንም። ማረሚያው ባልታመቀው የፋይል ዓይነት በዌቭ፣ ለፍላሽ የሚሰጠው በታመቀው በኤምፒ3። የዌቩ ስቴሪዮ 1 ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ግን 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። የሰው ዘፈን ቀድቶ መሸጥና ማደል አይፈቀድም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። “ለልደት ብቻ ነው መምህር” የሚለው ልመናም አይሠራም።

መብራት በተደጋጋሚ እየጠፋ ያላለቀ ቅጂ ወስዶብናል። ለመጪው ዓመት መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ እንዲገዛልን ጠይቀናል። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ስለሚሄዱ ሥራውን ለ10ኛ ክፍሎቹ እያስረከቡ ነው። የማዳመጥ ቅጂዎቹ በሙሉ በኮምፒውተር ክፍሉ በክፍል ደረጃ ተለይተው ተቀምጠዋል። መምህራን ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ እንገለብጥላችኋለን፤ እባካችሁ ቫይረሱን አጽድታችሁ።