የ1987ቱ ፖስታ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቧንቧው ውሃ ብቻ እንደ ልማዱ ነው፤ የመጣ ለት ጀሪካኑን ሁሉ ሞልተን እልል ነው።

እህቴ የዓይን ጠብታውን አንዳንድ ቀን እንደሚተዉት ነገረችኝ። «አያመኝም፣ ምን ያደርግልኛል» አሉ አሉ። አባዬ፣ ግላኮማ እኮ ሳያምም ነው ዓይንን የሚወስደው። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። እባክዎ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎርጎራ ወርጄ ነበር። የእርስዎን የእንጨት ትራይፖድ ይዤ። (አዎ፣ ከስቱዲዮው አወጣሁት። አይቆጡ።) የካሜራውን ሻተር ረጅም ጊዜ ከፍቼ ውሃ ማንሳት እየተማርኩ ነው። ጓደኛዬ ከዱባይ ጥቁር ፊልተር አምጥቶልኛል፤ ብርሃኑን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይቀንሰዋል። በ1/30 ሰከንድ የሚነሳው ፎቶ 30 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። እርስዎ ጨለማ ክፍል ውስጥ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ እንደሚቆጥሩት እኔም ባሕሩ ዳር ቆሜ ቆጠርኩ።

መጀመሪያ ሁሉም ተበላሸ። ፊልተሩ ከገባ በኋላ ምንም አይታይም፤ ለካ ፎከሱ አስቀድሞ ነው የሚስተካከለው። ከዚያ ነፋሱ ትራይፖዱን ነቀነቀው። ሲያየኝ የቆየ አንድ ታንኳ ቀዛፊ «ድንጋይ አታንጠለጥልበትም?» አለኝ። በፌስታል ሞልቼ አንጠለጠልኩ። በጣቴ መጫኑንም ትቼ በታይመር አደረግሁት። ከዚያማ ምን ልበልዎ! ያ ሁሉ ሞገድ ጠፋ። ጣና የጠዋት ጉም መሰለ፤ ድንጋዩ ብቻ ጥርት ብሎ ቆመ። ሰውየው በታንኳው በፊቴ አልፎ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን የለም። ሳሳየው «እኔን ባሕሩ በላኝ?» ብሎ ሳቀ።

ትንሿም አብራኝ ነበረች። ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቋል። ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ለአያቴ ንገርልኝ ብላለች። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ «እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ይብራ መጥታ አጠገባችን ስታርፍ ዞረች። ጫማዋና ጉልበቷ ጥርት ብለዋል፤ ፊቷ ጭስ ነው። «አበላሸሽው!» ብዬ ጮህኩባት። ድምፁ የእርስዎ ነበር።

ያቺን ፎቶ ያስታውሷታል። መብራት የጠፋ ለት፣ በነሐሴ፣ በመስኮት ብርሃን ያነሱንን። እኔ ስቁነጠነጥ ተቆጡኝ፤ እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ሲያጥቡት ፊቷ ሁለት ሆኖ ወጣ። «የተበላሸ ፎቶ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለው ፊታችን ቀደዱት። ኅዳር ላይ እሷ ሄደች። ለቅሶው ላይ ከመታወቂያዋ ያሳደጉትን ይዘው «ይሄ ልጅ ባይነቃነቅ ኖሮ» አሉ። ሰው ሰምቷል። ስምንት ዓመቴ ነበር አባዬ። የሠርጌን ፎቶ ይዩት፤ ትንፋሼን ይዣለሁ።

ብቻዎን እንዳሳደጉን አልረሳሁም። እሱንም አብሬ ልጻፈው።

ማታ የትንሿን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ፊቷ የጠፋው ወፏን ልታይ ስትዞር ነው። እማዬ ደግሞ የዞረችው ወደ እኔ ነው። ፎቶው ተቀዷል፤ እርስዎ ግን ኔጋቲቭ ጥለው አያውቁም። የስቱዲዮውን ፖስታዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ጥምቀቱ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍዎ ተጽፎበት አለ። የ1987 ግን የለም። የቀረው የተቆለፈው የብረት ሳጥን ነው። ኔጋቲቭ ላይ ሰው መለየት ደግሞ እኔ አልችልበትም፤ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። «ዓይንዎ ሳይ...» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት።

የስቱዲዮውን ኪራይ ከፍያለሁ፤ አያስቡ። የጎረቤታችን ልጅ ሰኞ ከአዲስ አበባ ይመለሳል፤ ቁልፉ እርስዎ ጋ ካለ ይስጡት። ጠብታው ማታ 3 ሰዓት ነው። ካደረጉ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው፣ በአፍንጫዎ በኩል ያለውን ጥግ በጣትዎ ለአንድ ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙት።

ልጅዎ