ጥያቄው ሲወጣ የባሕሩ ሰዎች ይኑሩበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ባሕርና ስለ አየር ንብረት የምታወጧቸውን ዘገባዎች አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ተመራማሪው ነው። በባሕሩ ዳር ተወልደው ያረጁት ነባር ሕዝቦች የሚታዩት በፎቶው ላይ ነው፤ ጀልባ ሲቀዝፉ ወይም መረብ ሲጠግኑ። ይህ ያሳዝነኛል። ሰዎቹን ከመናቅ አልፎ ጥናቱንም ያበላሻል።

በአላስካ የሆነውን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ቦውሄድ የተባለው ዓሣ ነባሪ ጭራሽ እንዳይታደን ከለከለ። ሳይንቲስቶች የቀሩት ከ600 እስከ 2,000 ቢሆኑ ነው ብለው ነበር። የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑፒያት ለዘመናት የኖሩት ደግሞ በዚሁ አደን ነው። እገዳው ከጓዳቸው ነው የገባው።

አዳኞቹ ቁጥሩ አልተዋጠላቸውም። ቆጣሪዎቹ በረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው በክፍቱ ውኃ ያለፈውን ብቻ ነበር የሚቆጥሩት። ይህ እንስሳ በረዶ አይፈራም አሉ አዳኞቹ። ከሥሩ ይዋኛል፤ መተንፈስ ሲፈልግ በጭንቅላቱ ይሰብረዋል። ደግነቱ የሚሰማ ተገኘ። በ1980ዎቹ ድምፅ የሚቀዱ መሣሪያዎች ውኃ ውስጥ ተተከሉ፤ ዓይን ያላያቸው ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ተሰማ። በ2001 የተደረገው ቆጠራ ከ10,000 በላይ አደረሳቸው። በእርግጥ በመሃሉ ተዋልደዋል። የፊተኛው ቆጠራ የቱ ጋ እንደጎደለ ቀድመው የተናገሩት ግን አዳኞቹ ናቸው።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በፓላውም እንዲሁ ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር፣ ጨረቃዋ ስንት ቀን ሲሞላት እንቁላል ለመጣል እንደሚሰበሰብ ያውቁ ነበር። ሮበርት ጆሃንስ የተባለው የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያ በ1970ዎቹ አብሯቸው ተቀምጦ ባይጠይቅ ኖሮ ይህ ዕውቀት ለሳይንሱ መቼ ይደርስ ነበር?

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ በካርታ ታትሞ ከወጣ፣ በማግስቱ ትልልቅ መርከቦች ሊመጡበት ይችላሉ። ስለዚህ የትኛው ይታተም፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የቦታው ሰዎች ይወስኑ። በ2022 በሞንትሪያል የጸደቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም ባህላዊ ዕውቀት ያለባለቤቶቹ ነፃና ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይላል።

እኔ የምለው፣ ገና ጥያቄው ሲቀረጽ ይጠሩ። ለጊዜያቸው ይከፈላቸው፤ መንገድ ለመራ ሰው የቀን አበል ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ውጤቱም በቋንቋቸው ይመለስላቸው። ብዙ ሽማግሌዎች የነገሩት ነገር የት እንደደረሰ ሳያውቁ አልፈዋል።

እናንተም ስለ አንድ የባሕር ዳርቻ ጥናት ስትዘግቡ፣ እባካችሁ ተመራማሪውን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ ይህን ጥያቄ ያነሣው ማን ነው? ከዚያ ስልኩን ለባሕሩ ሰዎችም ደውሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ