የትውልድ ቆጠራ በብራና ይፈተሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዘር ሐረግ ለማጻፍ ወደ ጎጃም የሚመጡ ሰዎች ሽማግሌ ሰብስበው የሚነገረውን በስልክ ይቀዱና ሰባት ስም ይዘው ይመለሳሉ። ለመነሻ ያህል ጥሩ ነው። ግን በአገራችን ትውልድ ይቆጠር የነበረው በአብዛኛው ለርስት ሙግት ነበር። ተሟጋቹ ከራሱ እስከ አቅኚው አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ድረስ ቆጥሮ ድርሻውን ያስረዳል፤ ሳይወልድ የሞተ አጎት ወይም ለክርክሩ የማይጠቅም ወንድም አይነሣም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ ወዲህ ደግሞ “ይህ ስም ከየት መጣ?” ብሎ የሚሞግት ባላጋራ የለም።

ቆጠራውን በስሌት መፈተሽ ይቻላል። አቅኚው አባት ከዛሬ 400 ዓመት በፊት ነበሩ ከተባለ፣ አንድ ትውልድ በ30 ዓመት ቢታሰብ 13 ያህል ስም ሊኖር ይገባል። ሰባት ብቻ ከተነገረ ተዘሏል። የሚዘለለው ብዙ ጊዜ መካከለኛው ነው፤ ላይኛው መሬት ያቀና ስለሆነ አይረሳም፣ ታችኛውን ደግሞ ያየው ሰው አለ።

ርስት በእናትም በአባትም ይወርድ ስለነበር የአባትን መስመር ብቻ መከተል ግማሹን መጣል ነው። የ8ቱም ቅድመ አያቶች መጠሪያ ስም፣ የክርስትና ስምና የተቀበሩበት ደብር ይጠየቅ። የክርስትና ስሙ በተለይ አይታለፍ። በብራና ላይ ሰውዬው በሚታወቅበት ስም ሳይሆን “ወልደ”፣ “ገብረ” ወይም “ወለተ” ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ቤተሰቡ ከረሳው ለፍትሐትና ለተዝካር የተጠራበትን ስም የንስሐ አባቶች ያስታውሱ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

የልደት የምስክር ወረቀት ፍለጋ መዞር ግን ትርፉ ድካም ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ይልቅ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የፍርድ ግልባጭና የግብር ደረሰኝ ይፈለግ። የርስት ክርክር ግልባጭ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሁለቱም ወገን ቆጠራ ስላለበት አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል።

ቀጥሎ የደብሩ ወንጌል ነው። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ የሚጻፈው በኅዳጉና በመጀመሪያና በመጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር። ከአለቃውና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ብራናውን የሚገልጠው ባለቤቱ እንጂ እንግዳው አይሁን። ፎቶው ያለ ብልጭታ፣ ከነሙሉ ገጹ ይነሣ። አያታቸው ያለበትን መስመር ብቻ አንሥተው የሚሄዱ አሉ፤ በኋላ የእማኞቹ ስም ሲያስፈልግ የለም። እማኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመድ ናቸው።

ጽሑፉ ዓመተ ምሕረት ላይኖረው ይችላል። “በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በዘመነ ማርቆስ” ቢል፣ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ስለሚጠሩ እንዲህ ይሰላል፦ ዓመተ ምሕረቱ 5500 ላይ ተደምሮ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከ1873 እስከ 1893 ስለነገሡ የሚገጥሙት 1874፣ 1878፣ 1882፣ 1886 እና 1890 ናቸው። ስለ ረኃብ የሚያነሣ ከሆነ 1882 ይመስላል፤ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ነበርና። “ራስ አዳል” የሚል ከሆነ ከ1873 በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ንጉሡ ከመንገሣቸው በፊት የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር። የቦታ ስምም እንዲሁ ይለወጣል። መንቆረር የሚል ወረቀት ሲገኝ ደብረ ማርቆስን ማለቱ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎችም ስላሉ፣ የደብሩ መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ የተነሡት ብራናዎች ዝርዝር (ካታሎጉ) በደብሩ ስም ይታይ።

ሐረጉ ሲጻፍ በአፍ ብቻ የተነገረው ስም በእርሳስ፣ በጽሑፍ የተገኘው በቀለም ይሁን። ከፎቶዎቹም አንድ ቅጂ ለደብሩ ይሰጥ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዘመድ ያንኑ ብራና ዳግመኛ ማስገለጥ አያስፈልገውም።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ