«ፕሮቶን እስኪገኝ» ተብሎ የሚቆይ ሕክምና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በጤና ዓምድ ላይ ስለ ፕሮቶን ጨረር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። ግን «ገና በጊዜው ለተደረሰበት የሳንባ ካንሰር ከሁሉም የሚበልጠው ሕክምና ይህ ነው» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሥራዬ ሜዲካል ፊዚክስ ነው። ሐኪሙ ጨረር ሲያዝ፣ ጨረሩ በየት በኩል እንደሚገባና ምን ያህሉ የት እንደሚያርፍ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ፕላኑን የማወጣው እኔ ነኝ። በኤክስሬይም በፕሮቶንም ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በወጣ ማግስት ስልኬ አያርፍም። «እባክሽ ፕሮቶን ያለበት ቦታ ፈልጊልን፤ እስከዚያ እዚህ የታዘዘለትን እናቆየው» ይሉኛል። የሚያስፈራኝ ይሄ ማቆየቱ ነው።

ስለ ፕሮቶን የሚወራው ውሸት አይደለም። ኤክስሬይ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ሳይነካ አያልፍም። ፕሮቶን ግን ክብደትና ኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ነው። ሰውነት ውስጥ እየገባ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሊቆም ሲል ያለ የሌለ ጉልበቱን አራግፎ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው አካል ምንም አይደርሰውም ማለት ይቻላል። ይህ ለሕክምና እንደሚሆን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልሰን የጻፈው በ1946 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በርክሌይ ውስጥ በ1954 ታከመ። በሆስፒታል ደረጃ የተገነባው የመጀመሪያው ማዕከል ደግሞ በ1990 ካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ላይ ተከፈተ። «አዲሱ ግኝት» ያላችሁት እንግዲህ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ሳንባ ነዋ!

ፕሮቶኑ የት እንደሚቆም የምናሰላው ከሲቲ ስካን ነው። ስሌቱ ምንጊዜም ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ አይቀርም። ጡንቻ ወይም ጉበት ውስጥ 3 ሚሊሜትር ቢሳሳት ብዙ አያስጨንቅም። ሳንባ ግን አብዛኛው አየር ነው፤ ጥግግቱ ከውሃ ሲሶ ቢሆን ነው። አየር ደግሞ ፕሮቶንን አያስቆምም። ስለዚህ ያቺው 3 ሚሊሜትር ሳንባ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ዕጢው ራሱ 2 ሴንቲሜትር ሆኖ ሳለ! ይህን ለማካካስ በዕጢው ዙሪያ ጤነኛ ሳንባ ጨምረን መምታት ይኖርብናል። ፕሮቶን የተመረጠው ጤነኛውን ሳንባ ለማዳን መሆኑን አትርሱ።

ትንፋሽም አለ። ከፕላን በፊት የምናነሳው ሲቲ አንዱን ትንፋሽ ብዙውን ጊዜ አሥር ቦታ ከፋፍሎ ያሳየናል። ከዲያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) አጠገብ ያለ ዕጢ ስክሪኑ ላይ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲል አያለሁ። ሰውየው አየር ሲስብ ዕጢው ይወርዳል፤ ሲያስወጣ ይወጣል፣ ጉበቱም አብሮ ከፍ ይልና ቅድም አየር የነበረበትን ቦታ ይይዛል። ኤክስሬይ ለዚህ ብዙም ግድ የለውም። ለፕሮቶን ግን መንገዱ ተቀየረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዘመናዊው ፕሮቶን ዕጢውን የሚሞላው በቀጭን ጨረር ነጥብ በነጥብ ነው። የሚወዛወዝ በር ቀለም እንደ መቀባት አስቡት፤ አንዱ ቦታ ይደገማል፣ አንዱ ይዘለላል።

ዘዴ አልጠፋለትም። ሆድን ጫን አድርጎ ይዞ ትንፋሹን ማሳጠር አለ። በትንፋሹ አንድ ደረጃ ላይ ብቻ ጨረሩን መልቀቅ አለ። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ መቀባትም አለ። ትንፋሽ ማስያዝም ይቻላል፤ ግን ሳንባው ስለደከመ ቀዶ ሕክምና አይችልም የተባለን ሰው «20 ሰከንድ ትንፋሽዎን ይያዙ» ማለት ለሚለው ሰው ቀላል ነው።

በዚህ መሐል ኤክስሬዩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ዕጢው ትንሽ ከሆነና ወደ ንፍፊቶች ካልተዛመተ፣ ከብዙ አቅጣጫ ዕጢው ላይ የሚገናኝ ብርቱ ጨረር በጥቂት ቀጠሮ ይሰጣል። ስቴሪዮታክቲክ የሚባለው ይኸው ነው። በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለቀዶ ሕክምና ያልበቁ 55 ሰዎችን ውጤት ይዞ ወጣ። በሦስት ቀጠሮ፣ በድምሩ 54 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ነበር የተሰጣቸው። በ3 ዓመት ጊዜ የታከመውን ዕጢ መቆጣጠር የተቻለው በ97.6 በመቶው ላይ ነው። በሕይወት የቆዩት ግን 55.8 በመቶ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዕጢው ከተያዘ ሰዎቹ ለምን ሞቱ? ሲጀመርም ልባቸውና ሳንባቸው የታመመ ሰዎች ነበሩ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ካንሰሩ በሌላ የሰውነት ክፍል ብቅ አለ። ሌላ ቦታ ብቅ የሚለውን ካንሰር ደረት ላይ ያነጣጠረ ፕሮቶን አይደርስበትም። 97.6 ላይ የሚጨመር ነገርም ብዙ አይታየኝም። ቀዶ ሕክምና የሚችሉ ሰዎችም ተጠንተዋል። በ2021 በወጣ ጥናት ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲሜትር ያልበለጠ 80 ሰዎች በዚሁ በስቴሪዮታክቲክ ጨረር ታክመው፣ ከ3 ዓመት በኋላ 91 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በዕጣ የተመደቡ ባይሆኑም፣ ከተመሳሳይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ጋር ሲነጻጸሩ እኩል ወጡ።

ሁለቱን ጨረሮች ፊት ለፊት ማወዳደርስ? ቴክሳስ ያለው ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ባለ የሳንባ ካንሰር ሞክሮት ነበር። 21 ሰው ብቻ ተመዝግቦ ጥናቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ኢንሹራንሶች ለፕሮቶን አንከፍልም ማለታቸው አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው፣ በፕሮቶኑ ክፍል ሕመምተኛው እንደተኛ ዕጢውን በሲቲ ዓይቶ ማስተካከል አለመቻሉ ነው። በዚህ ቁጥር ማንም አሸንፏል አይባልም። ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ባለ የሳንባ ካንሰር ግን ተወዳድረው በ2018 ውጤቱ ወጥቷል። ጨረር በሚያመጣው የሳንባ ብግነትም ሆነ በዕጢው መመለስ ልዩነት አልታየም። ልብ ላይ ያረፈው ጨረር ግን በፕሮቶኑ አነስ ያለ ነበር።

የልቡ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ከዓመታት በፊት ለጡት ካንሰር ደረቷ ላይ ጨረር የተሰጣት ሴት መጣች። አሁን ደግሞ በዚያው ጎን፣ ልቧን ተጠግቶ፣ የሳንባ ዕጢ ተገኘባት። ሁለቱንም ፕላን ሠርቼ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በኤክስሬዩ ፕላን አነስተኛውን ዶዝ የሚያሳየው ሰማያዊ ቀለም ልቧን ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል። በፕሮቶኑ ላይ ጠርዙን ነካ አድርጎ ቆመ። ሐኪሟ ፕሮቶኑን ለመምረጥ አላመነታም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሠራሁት። ሳንባው በጠባሳ ለተያዘ፣ ዕጢው ዋናውን የአየር ቧንቧ ወይም የምግብ ቧንቧን ለተጠጋበት፣ ከአንድ በላይ ዕጢ ላለበት ሰውም ሁለቱን ፕላን ማወዳደር ያዋጣል። ሳንባው ዳር ላይ ብቻውን የተቀመጠ 2 ሴንቲሜትር ዕጢ ላለበት ግን ፕሮቶን ፍለጋ አገር አቋርጦ ወራት ማባከን አይታየኝም።

ቤተሰቦች ሐኪሙን «ፕሮቶን አላችሁ ወይ» ከማለት በፊት ቢጠይቁ የምመኘው ሌላ ነገር ነው። ንፍፊቶቹ በደንብ ተመርምረዋል? የደረት ቀዶ ሐኪምስ ዓይቶታል? ማሽኑ የትንፋሹን ነገር እንዴት ነው የሚይዘው? በየቀጠሮው ዕጢው ያለበት ቦታ በሲቲ ይታያል? ፕሮቶን ያለበት ማዕከል ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ከሌለው፣ ጥሩ ስቴሪዮታክቲክ የሚሠራው ሊናክ (ኤክስሬዩን የሚሰጠው የጨረር ማሽን) ይሻላል ባይ ነኝ።

ማቆየቱን ነገር ለዚህ ነው ያነሳሁት። በጥቂት ወራት ውስጥ መጠናቸው እጥፍ የሚሆን የሳንባ ዕጢዎች አሉ። ንፍፊቶቹ ጋ ከደረሰ የሦስት ቀጠሮው ሕክምና ብቻውን አይበቃም። የሳምንታት ጨረርና ኬሞቴራፒ ይከተላሉ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ፣ ያችን መስመር እንድታርሙልኝና ለስቴሪዮታክቲክ ጨረርም የዚያኑ ያህል ቦታ እንድትሰጡት ነው። ቦታ ከተረፈ ደግሞ ብዙ ላጨሱ ሰዎች በዝቅተኛ ዶዝ ሲቲ ስለሚደረገው ቅድመ ምርመራ ጻፉ። በ2011 ውጤቱ የወጣውና ከ53,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በተራ የደረት ራጅ ከተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር መሞትን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምርመራው ማን ማን እንደሚመለከተው የሚያስረዳ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ እኔው እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ሜዲካል ፊዚስት