ቀና ብለሽ ሳታይ መጋዙን አታስነሺ

የኔ ልጅ እንደምን አለሽልኝ? ሰኞ ዛፍ ከሚቆርጡት ልጆች ጋር ስራ እጀምራለሁ ስትይኝ ደስ ብሎኛል አልኩሽ፣ እውነቴን ነው፣ ግን ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ተነስቼ እየጻፍኩልሽ ነው።

አዲስ ሰው ሁሉ የሚፈራው ባለ ሰንሰለቱን የሞተር መጋዝ ነው። ፍሪው፣ ጥሩ ነው፣ ግን እንጨቱንም ፍሪልኝ። አንቺ ትንሽ ሆነሽ እነዚህ ሁለት ጥርሶቼ የት ሄዱ ስትይኝ ወድቄ ነው ብዬሽ ነበር አይደል፣ አልወደቅኩም። ትልቅ ግንድ ጥለን ከስሩ አንዲት ለጋ ዛፍ እንደ ቀስት ጎብጣ ተይዛ ቀረች፣ ውፍረቷ የክንዴን ያህል እንኳን አይሆንም፣ ቀጭን ናት ብዬ ናቅኳትና ፊቷ ቆሜ ሰንሰለቱን ገና ከማስነካቴ ጧ አለች፣ ከዛ በኋላ የማስታውሰው አፌ ውስጥ የሞላውን ደም ነው። ሄልሜቴን ከሩቅ ለቅመው አመጡልኝ። የጎበጠ እንጨት በውስጥ በኩል ይጨመቃል፣ በውጭ በኩል ይወጠራል፣ የተወጠረውን ጎን ድንገት ከበጠስሽው ያንን ሁሉ ጉልበት ወዳንቺ ነው የሚለቀው። ልምድ ያለው ሰው ከተጨመቀው በኩል በጥቂት በጥቂቱ እየላጠ ያበርደዋል፣ እሱም ከመንገዱ ገለል ብሎ ነው። አንቺ ለጊዜው ልምድ ያላቸውን ጥሪያቸውና እነሱ ይስሩት።

ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍም እንደዛው ነው። ከስሩ አትለፊ፣ ደጋፊውንም አትቁረጪ፣ በማሽን እስኪጎተት ሁሉም ሰው ይራቅ።

መጋዙን ከማስነሳትሽ በፊት ቀና በይ። ደርቆ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አለ? ግንዱ ስር እንጉዳይ በቅሏል፣ ተሰንጥቋል? ሰው በሙሉ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። ማምለጫሽን ደግሞ ቀድመሽ ጥረጊ፣ ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ወደ ኋላና ወደ ጎን አግድም፣ በ45 ዲግሪ ገደማ። ዛፉ በሚወድቅበት ጎን እንደ ተከፈተ አፍ ቁራጭ ስታወጪ፣ ከዛ ከኋላ ስትቆርጪ፣ መሀል ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን እየመራ የሚያወርደው እሱ ነው፣ የግንዱን ውፍረት አንድ አስረኛ ያህል ይተዋል፣ 40 ሳንቲ ከሆነ 4 ሳንቲ ማለት ነው። እሱን በፍጹም በጥሰሽ አታልፊ። ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ቆመሽ አትዪ፣ ሂጂ።

ስለ መጋዙ ባጭሩ፣ ጫፉ ላይ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ተመልሶ ወዳንቺ ይስፈነጠራል፣ ስለዚ የግራ አውራ ጣትሽ እጀታውን ዞሮ ይያዝ፣ ሁሌም በሁለት እጅ፣ ከትከሻ በላይ አይደለም፣ መሰላል ላይ ቆሞማ ጭራሽ። ስትራመጂ የሰንሰለቱን ፍሬን ያዢ። የመጋዝ ሱሪውን ሙቀት ነው ብለሽ እንዳታወልቂው፣ ውስጡ ያለው ክር ተመዞ ሰንሰለቱን አንቆ የሚያቆመው እሱ ነው፣ እግርሽ እኮ ነው።

ዛፍ ላይ ወጥተሽ በመጋዝ ስትቆርጪ በሁለት ቦታ ታሰሪ፣ አንዱን በስህተት ብትቆርጪው ሌላው ይይዝሻል። የመብራት ሽቦ ካለ ደግሞ የማይነካ ነው በይ፣ ሳትነኪው ኤሌክትሪኩ ሊዘልብሽ ይችላል፣ እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መብራቱ ሳይቋረጥ እዛ ስራ የለሽም። ቅርንጫፍ የሚፈጨው ማሽን ጋ ከጎን ቁሚ፣ ትንንሹን በእጅ ወይ በእግር አትግፊ፣ በረጅም ቅርንጫፍ ግፊው፣ ሰፊ እጅጌ ምናምን አትልበሺ።

ሰኞ ጠዋት ታዲያ አለቃሽን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፣ እላይ ብትጎጂ ወጥቶ የሚያወርድሽ ማን እንደሆነና የደም ማስቆሚያው ቦርሳ የት እንደተቀመጠ። እዛው ፊትሽ ሰውዬውንና ቦርሳውን ካላሳየሽ መሳሪያሽን ሰብስበሽ ተመለሺ፣ የቀኑን ክፍያ እኔ እሰጥሻለሁ።

ማታ ስትገቢ ደውይ፣ ቢመሽም አልተኛም።

አባትሽ