ማመልከቻሽን አነበብኩት

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ቀለል ብሏል። ማታ ማታ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምረናል። አባትሽ ሰላም ይልሻል።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የሌክቸረርና የፒኤችዲ ማመልከቻ ፕሪንት አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት። ቅር ያለኝ ነገር አለ። በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ስልክ ላይ ቶሎ «እሺ እማ» ትይኝና ወሬው ያልቃል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ደብዳቤው ውስጥ አንቺን አጣሁሽ።

ይህን ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ 22 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስንት ማመልከቻ እንደተየብኩ ታውቂያለሽ። «ለሙያው ከፍተኛ ፍቅር አለኝ።» «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ።» «በቡድን መሥራት እችላለሁ።» ሁሉም ጋ አለ። ስሙን ብትቀይሪው የማንም ደብዳቤ ይሆናል። ያንቺም የመጀመሪያው ገጽ እንደዚያ ነው። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ብቻ፣ በአንድ መስመር፣ «የአማርኛ ኦሲአር ላይ ሠርቻለሁ» ብለሽ፣ ኮምፒውተር ከምስል ላይ ጽሑፍ እንዲያነብ የማድረጉን ሥራ ጠቅሰሽ፣ አልፈሻል። በቃ?

የጎርፉን ጊዜ ታስታውሻለሽ? በ1998 ሐምሌ ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከ200 በላይ ሰው አለቀብን። ውኃው ካለፈ በኋላ ሰዉ ጭቃ የነካው ወረቀት በፌስታል ይዞ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ። ገጹ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቀለሙ ፈሷል። ወረቀቱን በጨርቅ መሐል አደርቅና ማሽኑን አጥቁሬ ኮፒ ለማድረግ እሞክራለሁ። አንቺ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብለሽ የተበላሸውን ኮፒ ትሰበስቢያለሽ። «እማ፣ ይሄ ፊደል ምንድን ነው?» ትይኛለሽ። አንዳንዱን እኔም አላውቀውም ነበር። «በ» ይሁን «ቡ»፣ «ለ» ይሁን «ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። እሷን ውኃ ከወሰዳት አለቀ። ኮፒውን ይዘው እያለቀሱ የሄዱ እናቶች ነበሩ።

ዛሬ የማስተርስ ጥናትሽ ኮምፒውተር የደበዘዘ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ርዕስ ነው እንዳትይኝ።

ስለ ፊደላችን የምታውቂውንም ብዙ ሰው አያውቀውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆች 1999 እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ደግሞ እኔ ጋ ሆነሽ አይተሻል። ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይሆናል። ደንበኛው ገጹን እንደገና አስተይቦ ይሄዳል። የአንድ ሰው ስም በአንዱ ሰነድ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ ሲመጣም፣ «አንድ ሰው ነኝ» ብሎ ለማስረዳት ስንት ቀን እንደሚመላለስ አይተሻል። ፕሮፌሰሮቹ ይህን ከማን ይሰማሉ? ከላይ አምጪው። የመጀመሪያው አንቀጽ ጎርፉ ይሁን። ከዚያ ምን ሞከርሽ፣ የቱ ሠራ፣ የቱ አልሠራም፣ ወደፊት ምን ትፈልጊያለሽ። ያልሠራውንም ጻፊው። ጥናቱን እኛ ጋ የሚያስጠርዝ አንድ ወጣት መምህር አለ። እሱም አንባቢ ይህን ሲያይ በእርግጥ እንደሠራሽው ያምናል ይላል።

ሁለተኛው ነገር ማስታወቂያዎቹ ናቸው። የላክሽልኝ ሦስቱ ማስታወቂያዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንቺ ግን ለሦስቱም አንድ ደብዳቤ አዘጋጅተሻል።

የእዚህ አገሩ ሌክቸረር ነው። ማስተርስ፣ ሲጂፒኤ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ይጠይቃል። ከዚያ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ቆመሽ አንድ ርዕስ እንድታስተምሪም ይጠይቁሻል። ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዘሽ ዳታ ስትራክቸር፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ መረጃ የሚደራጅበትን መንገድ፣ ማስረዳት ትችይ እንደሆነ ነው። ታዲያ ክረምት ክረምት ለሰፈሩ ልጆች የፓይተን ፕሮግራሚንግ ስታስተምሪ የነበረውን ለምን ተውሽው? መብራት ሲጠፋ ኮዱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ ትቀጥዪ ነበር እኮ። እዚያ ደብዳቤ ላይ ከሁሉም በፊት መግባት ያለበት እሱ ነው።

የጀርመኑ ደግሞ የፒኤችዲ ቦታ ቢባልም ሥራ ነው። እዚያም ሆነ ኔዘርላንድና ስዊድን እንዲህ ያለው ቦታ ውልና ደመወዝ አለው። ማስታወቂያው ስለ አንድ ፕሮጀክት ያወራል። ስለ ሰነድ ምስል ነው የሚለው፣ ማለትም ስላንቺ ሥራ። የሰዎቹን ሁለት ሦስት ጽሑፍ አንብቢና የእነሱ ሥራ ካንቺ ጋር የት እንደሚገናኝ በሁለት አንቀጽ ንገሪያቸው። ዝም ብሎ «ማንኛውንም ርዕስ እሠራለሁ» ማለት እዚህ አይጠቅምሽም።

የአሜሪካው ሌላ ነው። የምታመለክቺው ለዲፓርትመንቱ ነው። ከተቀበሉሽ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ አንቺም ማስተማር ወይም ምርምር ላይ ረዳት ሆነሽ እየሠራሽ የወር መተዳደሪያ ታገኛለሽ። የማመልከቻ ክፍያ ግን አለ። ብዙዎቹ ጠይቆ ለተቸገረ ሰው ያነሳሉ፣ ስለዚህ ሳታፍሪ ጻፊላቸው። ፖስትዶክ የሚለውን ለአሁኑ እለፊው፣ ፒኤችዲ ለጨረሰ ሰው ነው። «ገንዘብ ላኪና ቦታ እናስይዝልሽ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ አታዋሪው። ሌባ ነው።

ቀኑን ተጠንቀቂ። ዲሴምበር 1 የሚለው ኅዳር 22 ነው። ዲሴምበር 15 ደግሞ ታኅሣሥ 6። «ኤኦኢ» የሚል ካለበት፣ ምድር ላይ የመጨረሻው ቦታ ቀኑ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ ማለት እንደሆነ አስረድተሽኛል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የእነሱ ሌሊት 11:59 ለእኛ በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ካልተጻፈ ግን በዚያ እንዳትመኪ። «እስከ 12 ሰዓት» የሚለውን በእኛ ሰዓት ቆጥረው፣ ማመልከቻ ፕሪንት ሊያስደርጉ አመሻሹ ላይ የመጡ ልጆች አይቻለሁ። ያ 12 ሰዓት የፈረንጆቹ ነበር። በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት አልፎታል። አንቺ ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ላኪ። መብራትም ኔትወርክም ያንቺን ቀን ጠብቀው ሊጠፉ ይችላሉ።

የድጋፍ ደብዳቤው ነው ከሁሉም የሚያሳስበኝ። ሦስት ሰው ይላል። አማካሪሽን ጠይቀሻል? ሁለቱን መምህሮችስ? በ1993 አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። «በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። እኔ የጎደለኝ ከቀድሞ ቀጣሪዬ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። «ፈራሚው የሉም፣ ነገ ነይ» እያሉ ዘጠኝ ቀን አመላለሱኝ። በ11ኛው ቀን ሰጡኝ። ወረቀቱ ዛሬም አለ። አሁንም ሳየው ያናድደኛል። ችሎታ አንሶኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልቆጭም ነበር። ያንቺዎቹ ደብዳቤውን ራሳቸው፣ ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው፣ በቀጥታ ነው የሚያስገቡት። ተቀብለሽ ይዘሽ የምትሄጂው ነገር የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። ሲቪሽን፣ አዲሱን ማመልከቻና የቀኖቹን ዝርዝር አብረሽ ላኪላቸው። ሳምንት ሲቀረው በትሕትና አስታውሻቸው። ይሉኝታ አይያዝሽ። የወጪ መጋራቱን ጉዳይም አሁኑኑ ጠይቂ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በተፈለገ ሰዓት በእሱ ምክንያት የተያዘባቸው ልጆች እዚህ መጥተው ሲያወሩ እሰማለሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። «ድሬ ከተገኘ ሌላውን አልልክም» ያልሽኝን ነው።

ድሬ መምጣት ትንሽ ነገር ነው አልልም። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከ1999 ጀምሮ ስንቱ የሰፈር ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ ተምሮበታል። ወደ ሐረር ስንወጣ ሐሮማያ አለ። ሌክቸረር ሆኖ ገብቶ በትምህርት ፈቃድ ለፒኤችዲ የሚሄድ፣ ተመልሶም የሚያገለግል ብዙ ነው። ያንን መንገድ ከመረጥሽ ደስ ይለኛል። በየሳምንቱ ዘይቱንና ግሽጣ ይዤልሽ እመጣለሁ። ግን እኔ ጉልበቴን አመመኝ ስላልኩ መሆን የለበትም። በእኔ ምክንያት ሳይላክ የቀረ ማመልከቻ እንዲኖር አልፈልግም። ሦስቱንም ላኪ። መልሱ ሲመጣ ቁጭ ብለን እንማከራለን። የአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለት ሚያዝያ 7 ድረስ ለመወሰን ጊዜ ይሰጡሻል። ይበቃናል።

«ቪዛ ይከለክሉኛል» ያልሽውም ገብቶኛል። አይሲኤልአር የሚባለው የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ) ጉባኤ በ2012 ሚያዝያ አዲስ አበባ ሊደረግ ሲል እንዴት ደስ ብሎሽ እንደነበር አልረሳም። የአፍሪካ ተመራማሪዎች ቪዛ እየተከለከሉ መቸገራቸው ጉባኤው ወደ እኛ እንዲመጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እንደነበር ነግረሽኛል። ከዚያ ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ሆነ። ያን ሳምንት ክፍልሽን ዘግተሽ ተቀመጥሽ። ቪዛው ሊከለከል ይችላል፣ እውነት ነው። ግን እሱን ቆንስላው ይወስን። አንቺ ቀድመሽ አትከልክይው።

ትናንት ማታ ደንበኛ ሲቀንስ የአያትሽን የምድር ባቡር ሰነዶች ከሣጥኑ አወጣሁ። ጎርፉ የነካቸውን ማለቴ ነው። 14 ገጽ ናቸው። ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ አማርኛ። ሁሉንም በ600 ዲፒአይ ጥራት ስካን አድርጌ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ በፋይል መልክ፣ እንዳይደበዝዝ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ከፊርማው በላይ አንድ ቃል አለ። ሦስት ጊዜ በማጉያ አየሁት። መጀመሪያው «ሐ» ይመስለኛል፣ የቀረውን ውኃ ወስዶታል። ባንቺ ፕሮግራም አስነብቢውና ምን እንዳለ ንገሪኝ።

እናትሽ